«አዎ» የተከለከለበት ቤት

መስከረም 22

ለጭራሮ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ጤናዬን የጠየቅሽው በግማሽ መስመር ነው። እኔም በግማሽ መስመር ልመልስልሽ፦ ቀኝ ዓይኔ ሄዷል፣ ግራው እንደ እርጥብ መስታወት ሆኗል። ጨረስኩ።

መስመሮቼ ሽቅብ ቢወጡ አትሳቂ። ከወረቀቱ ላይ ማስመሪያ አጋድሜ፣ ጠርዙን በጣቴ እየዳበስኩ ነው የምጽፈው። ያቺው የድሮዋ የእንጨት ማስመሪያ ናት፣ ታውቂያታለሽ።

ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው «እርስዎ» የሆንኩት? አፍሽን ከፈታሽ ጀምሮ እኔ «ጭራሮ» ስልሽ፣ አንቺ «አባዬ፣ አንተ» ስትይኝ ኖረሽ አሁን ሰማይ ሰቀልሽኝ። አከበርሽኝ ብዬ የምደሰት ሞኝ አይደለሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የሰው ቃል ሳገላብጥ የኖርኩ ነኝ፤ የሚያከብር ሰውና የሚሸሽ ሰው ድምፃቸው እንደሚለያይ አውቃለሁ።

ስለ መካኒኩ የጠየቅሽውን አንብቤያለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳታነሺው ኖረሽ ዛሬ ምን ነካሽ? ጋራዡን አቃጠለ፣ ዘበኛው እጁን አጣ፣ እሱም አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት። እሳቱን የለኮስኩት እኔ አይደለሁም፣ የፈረድኩበትም እኔ አይደለሁም። በአማርኛ የተናገረውን በዳኞቹ ቋንቋ አቀረብኩ፤ ሥራዬ ነበር። ሊያገባሽ ያሰበ ሰው ስለሆነ ቃሉን ላሳምርለት ኖሯል?

አሁን ዋናውን ስሚ። ከከተማው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሴቶች መጥተው ነበር። ባለፈው ወር ምድጃ ለኩሼ ረስቼው የኩሽናው ግድግዳ ጠቁሯል፤ ጎረቤት አሳበቀብኝ። አብሮኝ የሚኖር ዘመድ ካልተገኘ የአረጋውያን ቤት ያስገቡኛል። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለውን አይተሽዋል አይደል? በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ። ከአምስት ሽማግሌ ሳል ጋር ማደር! ዳኛ እንኳ ቆሞ ሰላም ይለኝ የነበርኩት ሰውዬ! የፍርድ ቤቱን ደረጃ እኮ ዛሬም ያለ ዓይን እወጣዋለሁ፤ አሥራ ስድስት ነው፣ ከታች ስድስተኛው ጠርዙ ተሸርፏል።

አንቺ መጥተሽ ከፈረምሽ ነገሩ ያልቃል። ቁርጡን ንገሪኝ፤ አትመጪም?

አባትሽ


ጥቅምት 19

ይድረስ ለአባቴ፣

ስለ ዓይንዎ አዝናለሁ። በግማሽ መስመር የጠየቅሁዎት ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ስለቸኮልኩ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመምጣቴን ነገር ግን በኋላ እንመለስበታለን።

ሥራዬን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ልንገርዎ። ከቤታችን ቁም ሣጥን በማትበልጥ ክፍል ውስጥ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ ነው የምውለው። ሐኪም ይደውላል፣ ፖሊስ ይደውላል፤ በሌላው ጫፍ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው አለ፣ መሃል ላይ እኔ አለሁ። የእርስዎን ሙያ ነው የያዝኩት። ወድጄ አይደለም፤ ሌላ አልተማርኩም።

ነሐሴ ላይ ስልጠና አስገቡን። አሥራ አንድ ሰዎች ነን፣ አሥራ አንድ ቋንቋ። አሰልጣኟ ገና ወንበር ሳንይዝ «ቁርስ አልበላችሁም?» አለችን። ማናችንም አልበላንም፤ ሆን ብላ በማለዳ ነው የጠራችን። በየቋንቋችሁ መልሱ ስትል ግማሾቹ «አዎ» አሉ፣ ግማሾቹ «አይ» አሉ። ሁሉም እውነቱን ነው። አንዷ በቋንቋዋ አዎም አይም የሚባል ነገር ስለሌለ ግሱን ብቻ መልሳ «አልበላሁም» አለች። አንዱ ደግሞ «እኛ ጠያቂውን ለመቃወም ብቻ የምናወጣት ሦስተኛ ቃል አለችን» ብሎ ኮራብን፤ እኔም «እኛስ 'በላሁ እንጂ' እንል የለ?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰና ለሰዎቹ አስረዳሁ። የእኛ ሰው «አልበላህም?» ሲባል «አዎ» ካለ፣ ልክ ነህ አልበላሁም ማለቱ ነው። እርስዎ ባገለገሉበት በዳኞቹ ቋንቋ ግን «አዎ» ያለ ሰው በላሁ ማለቱ ነው።

ይህን እያስረዳሁ ሳለ የመካኒኩ ችሎት ትዝ አለኝ፤ ንግግሬን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።

የመካኒኩን መዝገብ ግልባጭ አስመጣሁ። ገጽ አርባ ሁለት ላይ ዐቃቤ ሕጉ «እሳቱ ሲነሳ ጋራዡ ውስጥ አልነበርክም?» ይለዋል። ከሥሩ የእሱ መልስ፣ በእርስዎ አፍ፦ «አዎ፣ ነበርኩ።» ከጎኑ «ትክክለኛ ትርጉም» የሚለው ክብ ማህተምዎ አለ።

እኛ ቤት «አዎ» እና «አይ» ክልክል ነበሩ፣ ያስታውሳሉ? ሰባት ዓመቴ ሳለ «እጅሽን አልታጠብሽም?» ብለውኝ «አዎ» ስላልኩ መዳፌ በማስመሪያ አብጦ ሁለት ቀን እርሳስ መያዝ አቃተኝ። «አስተርጓሚ ቤት የተወለደ በሙሉ ግስ ይመልሳል! ታጥቤያለሁ፣ አልታጠብኩም! 'አዎ' ሰው ያሳስራል!» ይሉኝ ነበር። ሰው ያሳስራል። የራስዎ ቃል ነው።

የፍርዱ ቀን ውስጥ እንዳልገባ ከልክለውኝ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ሲወጡ «አላመነም አይደል?» አልኩዎ። በሙሉ ግስ መለሱልኝ፤ «አመነ» አሉኝ። አላምን ብል «አንዲት ቃል ለውጬ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለው ማሉልኝ። እኔም አመንኩዎ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁትም።

ያን ቀን በአማርኛ፣ በገዛ አፉ፣ ምን አለ?

ልጅዎ


ኅዳር 11

ለጭራሮ፣

የእጅ ጽሕፈቱ ቢለወጥብሽ አትደንግጪ። ግራው ዓይኔም ስለሰነፈ የምጽፍልሽ በሰው እጅ ነው። ወንበሬን የወረሰችው ናት፤ ያኔ ከጎኔ ተቀምጣ ሥራ ትለምድ የነበረችው። አሁን የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ የፍርድ ቤቱ ዋና አስተርጓሚ ሆና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቀኛለች። ያንቺንም ደብዳቤ ያነበበችልኝ እሷ ናት። ስታነብ አራት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጉንፋን ነው ትላለች።

ስለ ዓይኔና ስለ ግንባሬ የጻፍሽውን ሰማሁ። አባትሽ ታውሮ አንቺ መሐላ ታስታውሺዋለሽ? ጎሽ! እኔው ያሳልኩት ምላስ ነው፣ እኔኑ ቢቆርጠኝ ምን ይገርማል።

ጥያቄሽን ልመልስ። መካኒኩ ያለው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። መዝገቡ ተዘግቷል፣ የይግባኙ ጊዜ አልፏል፤ የአንቺ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደግሞ በአንድ ጠዋት ስልጠና እኔን ቋንቋ ልታስተምሪኝ! አንቺ «እማ» ማለት ሳትችዪ እኔ በሦስት ቋንቋ ምስክር አስምል ነበር። ስለ «አልነበርክም» እና ስለ «አዎ» ለዚህ ከተማ አስተርጓሚ ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ይህችው ጸሐፊዬ ትመስክር።

(እዚህ ላይ ብዕሯን አቆመች። «ይህንንም ጻፊ» ብያታለሁ።)

ሴቶቹ ተመልሰው መጥተው ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ። እስከ ጥር መጨረሻ የሚፈርም ዘመድ ካልመጣ ይወስዱኛል። ትላንት ሻይ ስቀዳ ብርጭቆውን ስቼ እጄ ላይ ቀዳሁት። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ኧረ ለምን እዋሻለሁ፣ እንድታዝኚልኝ ነው።

መቼ ነው የምትመጪው?

አባትሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለአባቴ፣ ለምታነብልዎም እህቴ፣

እህቴ፣ ጉንፋንሽን ይማርሽ።

በስተኋላ በላኩልኝ ብጣሽ ወረቀት «ከእሱ ጋር ትጻጻፊያለሽ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። በሙሉ ግስ ልመልስልዎ፤ እጻጻፋለሁ። የመጀመሪያውን የጻፍኩለት ጥቅምት ላይ ነው፣ የመለሰልኝ በስድስት መስመር ነው። የእስር ቤቱን የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው እሱ ነው። ሁለት የፊት ጥርሱ የሉም። ስድስት ዓመት ይቀረዋል። እሳቱ ሲነሳ መለዋወጫ ዕቃ ሊቀበል አውቶቡስ ጣቢያ ቆሞ ነበር፤ ይህን ያኔም ተናግሯል፣ ያየው ሰው ስላልተገኘ እንጂ። «አሥራ ሰባት ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር፣ ዝም ስትይኝ ተውኩት» ይላል። አንዱም አልደረሰኝም። የሚጽፈው በቤታችን አድራሻ ነበር። የት እንደገቡ አልጠይቅዎትም፤ ምድጃ ለኩሶ መርሳት ዛሬ ነው የጀመረዎት እንጂ መለኮሱንስ ያውቁበታል።

ጠበቃ አነጋገርኩ። ፍርዱ የቆመው በዚያች አንዲት መልስ ላይ ነው። ተርጓሚው «ትርጉሜ ትክክል አልነበረም» ብሎ በጽሑፍ ካረጋገጠ መዝገቡ ይከፈታል። በስህተት ይሁን በክፋት ሕጉ ግድ የለውም አለኝ።

እኔ ግን ግድ አለኝ። ስለዚህ ይስሙኝ፣ በር ልክፈትልዎ። «ተሳሳትኩ» ይበሉ። ደክሞዎት ይሆናል። የዚያን ቀን ሰባተኛ ጉዳይዎ ይሆናል። አዳራሹ ይሞቃል፣ ዐቃቤ ሕጉ ይቸኩላል፣ ሰው ነው ይሳሳታል። አንዲት ግስ ናት። እሷን ብቻ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ክፍሌን ለቅቄ፣ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ። እፈርማለሁ። ምድጃውን እኔ እለኩሳለሁ፣ ጋዜጣ አነብልዎታለሁ፣ ጥፍርዎን እቆርጥልዎታለሁ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ። ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር በአፌ አላነሳውም። እንደማላታልልዎ ያውቃሉ፤ ከቤታችን ሰው ያንን ሙያ ያልተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅዎ


ጥር 2

ለጭራሮ፣

መጀመሪያ ነይ። ፊት ለፊት ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ።

አባትሽ


ጥር 12

ይድረስ ለአባቴ፣

መጀመሪያ ይጻፉ።

ልጅዎ


ጥር 24

ለልጄ፣

ሁለት ቅዳሜ ጸሐፊዬን ወረቀት አስይዤ ባዶውን መለስኳት። ዛሬ አልመልሳትም።

«ተሳሳትኩ» የምትለዋን በአፌ ውስጥ አገላበጥኳት። ቀላል ናት። ብላት ትመጪያለሽ፣ ሻይ የሚቀዳልኝ አገኛለሁ፣ ከስድስቱ አልጋ እድናለሁ፣ መካኒኩም ይፈታል። ሁሉ ሰው ይጠቀምባታል። ግን ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ሕንጻ ውስጥ ጀማሪ በተደናበረ ቁጥር «እንደ ሽማግሌው» ሊባል ነው? አዎና አይ ለይቶ ሳያውቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ወንበር አሞቀ ሊሉኝ ነው? ይህማ የስድስት ወር ተማሪ የሚሠራው ስህተት ነው! ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፣ ያንን አልችልም።

አልተሳሳትኩም።

ዐቃቤ ሕጉ «አልነበርክም?» አለ፤ እኔም በአማርኛ «አልነበርክም?» አልኩት። እሱ «አዎ» አለ፣ ራሱንም ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አልነበርኩም ማለቱ እንደሆነ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የገባን ሦስት ሰዎች ነን፤ እሱ፣ እኔና አሁን ይህን የምትጽፈው። «በሙሉ ግስ መልስ» ልለው እችል ነበር። ለሌባውም ለሰካራሙም እል ነበር። ለእሱ አላልኩም። «አዎ፣ ነበርኩ» ብዬ አቀረብኩ። «ነበርኩ»ን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ሥራ ስሠራ ጎዶሎ አልወድም።

ለምን ትይኛለሽ። እሳቱ ሊነሳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤቴ መጥቶ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ እንደያዘ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ «ልጅዎን ይዤ ወደ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው» አለኝ። «ይፈቅዱልኛል ወይ» እንኳ አላለም። ልሄድ ነው! እናትሽ ከሞተች በኋላ በዚህ ቤት ውስጥ የቀረሽኝ አንቺ ነበርሽ። እሱ ከገባ አንቺ ትቀሪልኛለሽ ብዬ ነበር። እሱ በገባ በአርባኛው ቀን ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ። የተሳሳትኩት ነገር ካለ እሱ ነው።

ደብዳቤዎቹን ያነደድኳቸው ሳላነብ ነው። ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ።

ክፉ ነው በይኝ፣ እሺ። አላዋቂ ነው አትበይኝ።

ማህተሜን ከመሳቢያ አስወጥቼ፣ እሷ እጄን መርታልኝ፣ ከስሜ ጎን መትቼበታለሁ። ቀጥ ብሏል ወይ ስላት ቀጥ ብሏል አለችኝ።

ጻፊ ያልሽኝን ጽፌያለሁ። እንግዲህ ትመጫለሽ?

አባትሽ

ከጸሐፊዋ፦ ያለውን እንዳለው ጽፌያለሁ፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ያኔ ከጎኑ ሆኜ ሰምቼ እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። ምስክር ካስፈለገ ቁጠሪኝ። ማህተሙ ተዘቅዝቆ ነው ያረፈው፤ አልነገርኩትም።


የካቲት 17

አባዬ፣

«አንተ» ስላልኩህ ደስ እንዳይልህ። «እርስዎ» የሚል ሰው እየሸሸ ነው ብለኸኝ ነበር፤ አሁን መሸሼን ትቻለሁ።

ደብዳቤህን ከነማህተሙ ለጠበቃው ሰጠሁት። መዝገቡ ተከፍቷል። ሚያዝያ 9 ጠዋት ችሎት ቀርበህ ትመሰክራለህ። ዳኞቹ በአማርኛ እንድትናገር አዘዋል፤ በዚህ ጉዳይ የራሱን ቃል ራሱ አይተረጉምም አሉ። ከሌላ ከተማ የሚያስመጡልህ አስተርጓሚ ሥራ ከጀመረ ሰባት ወሩ ነው። ሲሳሳት ጣልቃ ገብተህ እንዳታርመው ተከልክለሃል፤ ይህን ለብቻው በጽሑፍ እንዲያስገቡልኝ ጠይቄ ነው።

የአረጋውያኑን ቤት ወረቀትም ፈርሜ ለሴቶቹ ልኬያለሁ። ሁለት ሳጥን አለው፤ «ዘመድ የሌለው» እና «ዘመድ አብሮት የማይኖር»። የመጀመሪያው ላይ ብዕሬን ብዙ ጊዜ አሳርፌ ነበር፣ በመጨረሻ ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። በመጋቢት መጀመሪያ ይወስዱሃል። አልጋህ በሩ አጠገብ ነው፣ ነፋስ ይገባል አሉኝ፤ ይሁን አልኳቸው።

አንድ ነገር እወቅልኝ። «ተሳሳትኩ» ብትል ኖሮ እመጣ ነበር። ሻንጣዬ ከአልጋዬ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር፣ ሁለት ብርድ ልብስም ገዝቼልህ ነበር። ውሸትህን መሆኑን እያወቅሁ እቀበልህ ነበር፤ መዳፌ እያወቀ! ስምንት ዓመት ሙሉ ስትዋሸኝ ኖረህ ያችን አንዲት ቀን ብትዋሸኝ ምን ነበር? ጌትነትህ በለጠብህ። ብርድ ልብሶቹን ለመካኒኩ ላክኋቸው።

ደርሰዋል። ለሌላ እስረኛ ሰጣቸው። የሚፈታ ቀን በሩ ላይ ልቁም ብዬ ጽፌለት ነበር፤ «አትቁሚ» ብሎ መለሰልኝ፣ በአንድ ግስ። አንተ ብትሆን ያስደስትህ ነበር፤ ምንም ጎዶሎ የለውም።

ለችሎቱ እመጣለሁ። ከኋላ እቀመጣለሁ።

ልጅህ


መጋቢት 20

ለልጄ፣

ጸሐፊዬ መምጣት ትታለች፣ ስለዚህ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። መስመር በመስመር ላይ ጽፌ እንደሆነ ይቅር በይኝ። ማስመሪያዬን ዕቃ ሲጭኑ ጣሏት።

ስድስት አልጋ ነው ያልኩሽ ተሳስቼ ነው፣ ስምንት ነው። እነሆ አልኩልሽ፣ ተሳሳትኩ። ጊዜው አለፈ አይደል?

ከጎኔ የሚተኛው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ «አልነጋም?» እያለ ይጠይቀኛል። ነግቷል እለዋለሁ። እንደገና ይጠይቀኛል።

ለምስክርነቱ አልፈራም። ደረጃውን መውጣቱም አያስጨንቀኝም፣ እግሬ ያውቀዋል። የሚያስጨንቀኝ መውረዱ ነው። ስወጣ እቆጥር ነበር፣ ስወርድ ግን በዓይኔ እያየሁ፣ ሰው ሰላም እያልኩ ነበር የምወርደው፤ ያ የተሸረፈው ከላይ ወደ ታች ስንተኛው እንደሆነ አይመጣልኝም። የቀድሞ ባልደረቦቼ ሁሉ በር ላይ ይቆማሉ። እነሱ ፊት ተንከባልዬ እንዳልወድቅ ነው። ከዚያ ሌላ አንድም ነገር አልለምንሽም፣ ማሪኝም አልልሽም።

ችሎቱ ሲያልቅ እጄን ይዘሽ አታወርጂኝም?

አባትሽ


መጋቢት 29

አባዬ፣

አላወርድህም። ከታች ስድስተኛው፣ ከላይ ስትቆጥር አሥራ አንደኛው ነው።

ጭራሮ